ጳጉሜን 1 በፊሌ ደሴት

ወደ አስዋን የሄድኩት ለአንድ ቀን ብዬ ነው፤ ቀኑም ጳጉሜን 1 ነበር። ለላይኛው ግብፅ ጉብኝት ይህ ወቅት አይመረጥም፤ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል፣ አስጎብኚዎችም እንግዶቻቸውን በብዛት የሚያመጡት አየሩ በሚቀዘቅዝባቸው ከኅዳር እስከ የካቲት ባሉት ወራት ነው። ቤተሰቦቼም ለእንቁጣጣሽ አምስት ቀን ሲቀረው ከቤት የምወጣበት ምክንያት አልገባቸውም ነበር። እኔ ግን ለዓመታት በልቤ ያደረ አንድ ቀጠሮ ነበረኝ፤ ከ1,630 ዓመት በፊት፣ በዚያው ዕለት፣ በአንድ ግድግዳ ላይ ስሙን ቀርጾ ከሄደ ሰው ጋር።

ሰውየው በፊሌ ደሴት በሚገኘው፣ ኢሲስ ለተባለችው የጥንት ግብፃውያን አምላክ በተሠራው ቤተ መቅደስ የሚያገለግል ጸሐፊ ነበር። ሊቃውንት ስሙን አንዳንዶቹ እስመት-አኾም፣ ሌሎቹ ኔስሜተርአኽም ብለው ያነቡታል፤ ወደዚህ ስም ኋላ እመለስበታለሁ። የሮማው ንጉሠ ነገሥት ሃድሪያን ባሠራው በር ግድግዳ ላይ ማንዱሊስ የተባለውን አምላክ ምስል ቀረጸ፤ ከጎኑም ጥቂት ቃላት በሂሮግሊፍ፣ በጥንቱ የግብፅ የሥዕል ጽሕፈት፣ ጻፈ። ከ3 ሺህ ዓመት በላይ ሲጻፍበት ከኖረው ከዚያ ፊደል፣ ቀኑ ተለይቶ ከሚታወቀው ጽሑፍ ሁሉ የመጨረሻው ይህ ነው። አጠገቡም ዴሞቲክ በሚባለው ፈጣን የእጅ ጽሕፈት ስለ ራሱና ስለ ወላጆቹ ጨምሮ ጻፈ፤ ለዚህ አምላክ ምስል የሠራሁት ፊቱን ስላበራልኝ ነው አለ፤ ዕለቱንም መዘገበ፦ የኦሲሪስ ልደት፣ ዓመት 110።

ይህን መጀመሪያ ያነበብኩት በባሕረ ሰላጤው አገር በምሠራበት ጊዜ፣ አንድ ሌሊት፣ በስልኬ ላይ ነበር። ጽሑፉ ቀኑን ወደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር መልሶ ኦገስት 24 ቀን 394 ይለዋል። እኔ ግን ዓይኔ የቀረው 110 የሚለው ቁጥር ላይ ነበር፤ ምክንያቱም ይህን ዓይነት ቁጥር ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ።

አያቴ በሰከላ መሪጌታ ነበሩ። ፊደል ያስቆጠሩኝም፣ ባሕረ ሐሳብ የጀመሩልኝም እሳቸው ናቸው። በመቋሚያቸው ጫፍ መሬት ላይ ቁጥር እየጫሩ ዓመተ ዓለምን፣ ዓመተ ምሕረትን፣ ዓመተ ሰማዕታትን ሲያስተያዩኝ፣ «ሰማዕታቱን ስትፈልግ ከምሕረቱ 276 ግደፍ» ይሉኝ ነበር። ዓመተ ሰማዕታት የሚቆጠረው በስንክሳር ስሙ በክፉ ከሚነሣው ከዲዮቅልጥያኖስ መንገሥ፣ እ.ኤ.አ. ከ284 ጀምሮ ነው። ግብፃውያን ዘመኑን በእርሱ መንግሥት መቁጠር ከጀመሩ በኋላ ንጉሡ ሲወርድም ሲሞትም ቁጥሩን አላቋረጡትም፤ ክርስቲያኖቹ ግን በእርሱ እጅ ለተገደሉት መታሰቢያ አድርገው ስሙን ለወጡት። ስለዚህ የኢሲስ ጸሐፊ የጻፈው 110 እና አያቴ መሬት ላይ የጫሩት ቁጥር አንድ መቁጠሪያ ነው። 276 ብንጨምርበት 386 ዓመተ ምሕረት ይሆናል።

የቀረው የዕለቱ ስም ነው። የጥንት ግብፃውያን እያንዳንዳቸው 30 ቀን ያላቸው 12 ወራትና በመጨረሻ የሚጨመሩ 5 ቀናት ነበሯቸው። ግሪኮች «ተጨማሪዎች» ብለው የሰየሟቸው እነዚህ ቀናት ናቸው ወደ እኛ ቋንቋ ጳጉሜን ሆነው የገቡት። በግብፃውያን ዘንድ አምስቱ ቀናት የአምስት አማልክት ልደት ናቸው፦ የኦሲሪስ፣ የሖረስ፣ የሴት፣ የኢሲስና የኔፍቲስ። የኦሲሪስ ልደት ከአምስቱ የመጀመሪያው ነው። በሂሮግሊፍ መቼ እንደተጻፈ የምናውቀው የመጨረሻው ጽሑፍ እንግዲህ የተቀረጸው ጳጉሜን 1 ቀን 386 ዓመተ ምሕረት ነበር። ሰውየው ጎረቤቴ ቢሆን ኖሮ በዚያ ጧት በግድግዳችን ላይ የሚሰቀለው የቀን መቁጠሪያ አንድ ዓይነት ይሆን ነበር። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ብቻዬን ለመጓዝ የወሰንኩትም በዚህ ምክንያት ነው። የጠየቅኳቸው አስጎብኚዎች ለፊሌ ከአንድ ሰዓት ወይም ከአንድ ሰዓት ተኩል የበለጠ አይሰጡም፤ ከዚያ ወደ ከፍተኛው ግድብ፣ ከዚያም ወደ ሽቶ መደብር ይወስዳሉ። የሃድሪያን በር በብዙዎቹ የጉብኝት ዝርዝር ውስጥ ስሙም አይጠራም። እኔ ደግሞ በአንድ ግድግዳ ፊት ያለ ሐሳብ የምቀመጥበትን ጊዜ እፈልግ ነበር።

ከካይሮ አስዋን የሚያደርሰው ባቡር ግማሽ ቀን ይፈጃል። ሌሊቱን ተጉዤ ሲነጋ በመስኮት የማየው ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ከወንዙ ግራና ቀኝ የተዘረጋ ጠባብ ለምለም መሬት፣ ሸንኮራ አገዳ፣ ተምር፣ ከጀርባቸውም ድንገት የሚጀምር ምድረ በዳ። የጥንቶቹ ሰዎች አገራቸውን «ጥቁሩ ምድር» ብለው የጠሩት ከዚህ አፈር የተነሣ ነው። አፈሩን በየዓመቱ የሚያመጣው ደግሞ የእኛ ክረምት ነበር። በሰከላ ልጅ ሳለሁ የአያቴ እርሻ ጥግ በየክረምቱ እየተቦረቦረ ወደ ወንዙ ሲወርድ አይቻለሁ፤ አያቴም «አባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» እያሉ በቁጭት ያዩት ነበር። አባይ ግን ማደሪያ ነበረው። ለሺህ ዓመታት ሲያድርበት የኖረውን ስፍራ በባቡር መስኮት ሳልፍበት፣ ቁጣም ምቀኝነትም ሳይሆን፣ የቤተሰብ ዕቃ በሰው ቤት ሲገኝ የሚሰማው ዓይነት ስሜት ነበር የተሰማኝ።

ወደ ፊሌ የሚኬደው ከአስዋን ከተማ በስተ ደቡብ፣ ከአሮጌው ግድብ በላይ ካለው ከሸላል የጀልባ ማረፊያ ነው። ቲኬቱን ከቆረጡ በኋላ ጀልባውን ለብቻ መከራየት ያስፈልጋል፤ ዋጋው የሚቆረጠው በጀልባ እንጂ በሰው ቁጥር አይደለም፤ ስለዚህ ብቻውን የመጣ ሰው ወይ የሌሎቹን ወንበር ዋጋ ይከፍላል፣ ወይ የሚቀላቀለውን ሰው ይጠብቃል። የእኔ ችግር ዋጋው ብቻ አልነበረም። ጀልባዎቹ ያደረሱትን እንግዳ ጠብቀው ነው የሚመልሱት፤ አራት ሰዓት ልቆይ ስላቸው ወጣቶቹ ባለጀልባዎች ራሳቸውን ነቀነቁ። በመጨረሻ ጥላ ሥር ተቀምጠው የነበሩ አንድ ሽማግሌ፣ ነጭ ጀለብያ የለበሱ ኑቢያዊ፣ ጠሩኝ። በባሕረ ሰላጤው የለመድኩት ዐረብኛ ከእሳቸው አነጋገር ጋር ባይገጥምም ለመግባባት አነሰን ማለት አይቻልም።

«ልጄ፣ አራት ሰዓት ምን ታደርጋለህ?» አሉኝ።

«የማነበው ጽሑፍ አለ» አልኳቸው።

«ከሐበሻ ነህ?»

«አዎ። ከአባይ ምንጭ አካባቢ ነኝ።»

ጥቂት ዝም ብለው አዩኝና፣ እርሳቸው ማዶ ሌላ ሥራ ስላላቸው አድርሰውኝ በቀትር እንደሚመልሱኝ ነገሩኝ። ዋጋውን እኔም ብዙ አልተከራከርኩም።

በመንገድ ስለ እኛ ግድብ ጠየቁኝ። የማስበውን ነገርኳቸው፤ እሳቸውም የሚያስቡትን ነገሩኝ። አልተስማማንም፤ ድምፃችንንም ከፍ አላደረግንም። ከዚያ ወደ ደቡብ እያመለከቱ የአያታቸው መንደር በከፍተኛው ግድብ ሐይቅ ሥር እንደሚገኝ አጫወቱኝ። እ.ኤ.አ. በ1963 እና በ1964 ወደ 50 ሺህ የሚሆኑ ኑቢያውያን ከወንዙ ዳር ተነሥተው በኮም ኦምቦ አካባቢ በተሠሩ ቤቶች እንዲሰፍሩ ተደርገዋል። አባታቸው ከአዲሱ መንደር ወንዙን ማየት ባለመቻላቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲያዝኑ እንደኖሩ ነገሩኝ። መንደሩ ማን ይባላል ብዬ ስጠይቃቸው «ከላብሻ» አሉ። ቃሉን ስሰማ ልቤ ዘለለ። ጸሐፊው በፊሌ ግድግዳ ላይ የቀረጸው ማንዱሊስ የግብፅ አምላክ አልነበረም፤ የታችኛው ኑቢያ አምላክ ነበር፤ ዋናው ቤተ መቅደሱም የቆመው ከላብሻ ነበር። ይህን ለሽማግሌው ለማስረዳት ሞከርኩ፤ እሳቸውም ድንጋዮቹ ከመንደራቸው ተነሥተው አሁን ከግድቡ አጠገብ እንደቆሙ ስለሚያውቁ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። «ድንጋዩንም አነሡት፣ እኛንም አነሡን» አሉኝ።

ጀልባው ጥግ ዞሮ ቤተ መቅደሱ ሲገለጥ፣ ውበቱ አስቀድሞ ፎቶግራፍ ላየ ሰው እንኳ ያልተዘጋጀበት ነው። የትራጃን ድንኳን የሚባለው ጣሪያ የሌለው ሕንፃ በ14 ዓምዶቹ ውኃው ላይ ተደግፎ ይቆማል፤ ከኋላው ሁለቱ መግቢያ ግንቦች ይታያሉ። ነገር ግን የምናያት ደሴት ፊሌ አይደለችም፤ አጊልኪያ ናት። እውነተኛዋ ፊሌ ጥቂት መቶ ሜትሮች ራቅ ብላ ከውኃ በታች ትገኛለች።

እንግሊዞች አሮጌውን የአስዋን ግድብ እ.ኤ.አ. በ1902 ከጨረሱ በኋላ ደሴቲቱ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ በውኃ መዋጥ ጀመረች፤ ግድቡ ሁለት ጊዜ ከፍ ሲደረግም ውኃው አብሮ ከፍ አለ። በቀድሞ ተጓዦች ዘንድ የተደነቀው የዓምዶቹ ቀለም ታጥቦ የጠፋው በዚያን ጊዜ ነው። እዚህ ላይ ደጋግሜ የማስበው ነገር አለ። ግድቡ በሮቹን የሚከፍተው በክረምት ጎርፍ ወቅት ነበር፤ ከኢትዮጵያ ተራሮች የሚመጣው ደለል በግድቡ ውስጥ እንዳይተኛ እንዲያልፍ ይለቀቅ ነበር። ስለዚህ ቤተ መቅደሱ ከውኃ የሚወጣው፣ ሰውም በእግሩ ሊረግጠው የሚችለው፣ የእኛ ጎርፍ በሚያልፍባቸው ወራት ነበር። በዚያ ዘመን ጳጉሜን 1 ቀን ወደ ፊሌ የመጣ ሰው ደረቅ መሬት ያገኝ ነበር።

ከፍተኛው ግድብ ሲሠራ ደሴቲቱ በሁለቱ ግድቦች መካከል ወደቀች፤ የውኃው ከፍታም በየዕለቱ ከፍና ዝቅ ሲል ድንጋዩን ይበላው ጀመር። በዩኔስኮ በተመራው ዘመቻ ደሴቲቱ በብረት ግድግዳ ታጠረች፣ ውኃው ተቀዳ፣ ሕንፃዎቹም ወደ 40 ሺህ በሚጠጉ ድንጋዮች ተፈታትተው፣ ለዚሁ ተብላ በፊሌ መልክ በተስተካከለችው በአጊልኪያ ላይ እንደነበሩ ተገጠሙ። በመጋቢት 1980 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ተከፈተ። በግድግዳዎቹ ላይ ውኃው የቆመበት መስመር ዛሬም ይታያል፤ ከመስመሩ በታች ያለው ድንጋይ ጠቁሯል።

ከጀልባው ወርጄ ደጁን ስገባ ጊዜው ገና ማለዳ ስለነበር ከእኔ በቀር ጥቂት ሰዎች ብቻ ነበሩ። ረጅሙን የዓምድ መተላለፊያ ቶሎ አለፍኩት። 18 ሜትር ከፍታ ያለውን የመጀመሪያውን ግንብም ቀና ብዬ አየሁት፤ ንጉሡ ጠላቶቹን በጠጉራቸው ጨብጦ ሊመታ ሲያነሣ የሚያሳየው ሥዕል በብዙ የግብፅ ቤተ መቅደሶች የሚገኝ ስለሆነ አልዘገየሁበትም። በበሩ ውስጥ የናፖሊዮን ወታደሮች እ.ኤ.አ. በ1799 እዚህ መድረሳቸውን በፈረንሳይኛ ያስቀረጹት ጽሑፍ አለ፤ ፊደሉ ትልቅ፣ ጥርት ያለና የተስተካከለ ነው።

ያስቆመኝ በውስጠኛው ግንብ በኩል የሚገባበት ባለ 10 ዓምድ አዳራሽ ነው። ቤተ መቅደሱ በንጉሥ ዮስጢንያኖስ ትእዛዝ እ.ኤ.አ. ከ535 እስከ 537 ባሉት ዓመታት ከተዘጋ በኋላ፣ ቴዎድሮስ የተባለ ኤጲስ ቆጶስ ይህን አዳራሽ የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን አደረገው። በዓምዶቹ ላይ እኩል ክንድ ያላቸው መስቀሎች ተቀርጸዋል፤ መሠዊያውም አለ። በግሪክኛም «መስቀል ድል ነሣ፤ ሁልጊዜም ድል ይነሣል» የሚል ጽሑፍ ይነበባል። እኔ የተዋሕዶ ልጅ ነኝ፤ መስቀሉን ሳይ እጄ ሳላዝዘው አማተበ። ወዲያው ግን ከመስቀሉ ጎን ፊቷ በመሮ የተፋቀችውን ሴት አየሁ። በሌላው ክፍል ሕፃኑን ሖረስን ታቅፋ የምታጠባው ኢሲስም እንዲሁ ተጎድታለች፤ የፋቃት ሰው እናትን ከነልጇ እያየ መሮውን እንዴት እንዳነሣ አላውቅም። ሁለቱም ነገሮች፣ መስቀሉም ጠባሳውም፣ የኔ ወገኖች እጅ ሥራ ናቸው፤ አንዱን ወስጄ ሌላውን ልተወው አልችልም።

የዚህች ደሴት ክርስትና ግን ከዮስጢንያኖስ በፊት የጀመረ ነው። የአባ አሮን ገድል በሚባለው የቅብጥ መጽሐፍ እንደሚተረከው የፊሌን የመጀመሪያ ጳጳስ መቄዶንዮስን የሾመው አትናቴዎስ ነበር፤ ለእኛ ፍሬምናጦስን፣ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን፣ የሾመልን ያው አትናቴዎስ ነው። ስለዚህ ጸሐፊው ማንዱሊስን በቀረጸበት ዘመን በዚህች ትንሽ ደሴት ላይ ጳጳስም ካህነ ኢሲስም አብረው ይኖሩ ነበር። በአንድ መንገድ ይተላለፉ፣ ከአንድ ማረፊያም ጀልባ ይሳፈሩ ነበር ማለት ነው። በሌላው የግብፅ ክፍል ጥንታዊው አምልኮ በቴዎዶስዮስ ሕግ ከተከለከለ ጥቂት ዓመታት ቢያልፉም ፊሌ የቆየችው ከደቡብ በሚመጡት ሕዝቦች ምክንያት ነው። ብሌምዮች የሚባሉት፣ ከዛሬዎቹ ቤጃዎች ጋር የሚዛመዱት፣ እና ኖባዎች ኢሲስን ለመሳለም ይመጡ ነበር፤ በ5ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ከሮማውያን ጋር ሲታረቁ እንኳ ወደ ቤተ መቅደሱ የመምጣት መብታቸውን በውሉ ውስጥ አስገብተዋል። የቤጃ ስም በዔዛና የድንጋይ ጽሑፍም ውስጥ አለ።

የሃድሪያን በር ከዋናው ሕንፃ በስተ ምዕራብ ውኃው አጠገብ ነው። ስደርስ ማንም አልነበረም። ጣሪያው የለም፤ ሁለት ግድግዳዎች ቀርተዋል። በአንዱም ላይ የግብፅ ካህናት አባይ ከየት እንደሚነሣ ያስቀመጡት ሥዕል አለ። የድንጋይ ክምር ነው፤ ከአናቱ አሞራ ቆሟል፤ ከሥሩ ዋሻ አለ፤ ዋሻውን እባብ ከብቦታል፤ በዋሻው ውስጥ ሃፒ፣ የጎርፉ አምላክ፣ ተንበርክኮ ከሁለት ማሰሮ ውኃ ያፈሳል። ቦታው ፊት ለፊት ያለችው የቢጋ ደሴት ናት። የኦሲሪስ መቃብር በእርሷ ላይ ነው ተብሎ ይታመን ነበር፤ ሰው እንዳይረግጣት፣ ከበሮና በገና እንዳይሰማባት፣ ዓሣ እንዳይጠመድባት ተከልክሎ፣ በ365 የመሥዋዕት ገበታዎች ላይ በየቀኑ ወተት ይፈስባት ነበር።

በዚህ ሥዕል ፊት ብዙ ቆምኩ። እኔ የዚህን ወንዝ ምንጭ በእጄ ጠጥቻለሁ። በግሽ ዓባይ ልጆች ሆነን ጸበሉን ለመጠጣት ከአያቴ ጋር እንሄድ ነበር፤ ሰዎች እንደ ሥርዓቱ ሳይበሉ ሄደው ይጠጡታል፣ ይጠመቁበታል፣ ከጎኑም ቤተ ክርስቲያን አለ። የግብፅ ካህናት ስለ ምንጩ ስፍራ ተሳስተው ነበር፤ ወደ ግብፅ ከሚደርሰው ውኃ ከ100 እጅ 85ቱ ያህል የሚነሣው ከኢትዮጵያ ተራሮች ነው። ነገር ግን ምንጭ የተቀደሰ ነው፣ ጫጫታ አይገባውም፣ በባዶ እጅ አይቀርቡትም የሚለውን የእኛ ሽማግሌዎችም የሚያውቁትን ያውቁ ነበር። አያቴን እዚህ አምጥቼ ያን ዋሻ ባሳያቸው ምን ይሉ ነበር የሚለው ሐሳብ ከዚያ ቀን ወዲህ አልተለየኝም።

ከዚያ ጽሑፉን ፈለግኩት። ወዲያው አላገኘሁትም፤ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች በሥዕል የተሞላ ነው። አንድ ዘበኛ መጥተው ወደ ትልልቆቹ ሥዕሎች ሊወስዱኝ ፈለጉ፤ በስልኬ ያስቀመጥኩትን ምስል ሳሳያቸው ግን ፈገግ ብለው በጣታቸው አመለከቱኝና ትተውኝ ሄዱ። ማንዱሊስ ባለ ቀንድ ረጅም ዘውድ ደፍቶ ቆሟል፤ መልኩ ተጎድቷል። ቅርጹ በዙሪያው ካሉት የቀድሞ ጌቶች ሥራ ጋር ሲተያይ ጭረቱ የተቸገረ ነው፤ የሠለጠነ የድንጋይ ጠራቢ እጅ አይመስልም። ፊደሎቹም እንዲሁ። ነገር ግን ያልተቋረጡ ናቸው፤ እያንዳንዱ ምልክት ተጨርሷል። በሂሮግሊፍ የጻፈው ክፍል ለዘለዓለም የሚል ቃል አለበት። በዴሞቲኩ ደግሞ እናቱን ሳይረሳ በስሟ ጠርቷታል።

የመጨረሻው እርሱ እንደሆነ ያውቅ ነበርን? ብዙ ሰው ይህን ይጠይቃል፤ እኔም ጠይቄዋለሁ፤ ግድግዳው ፊት ስቀመጥ ግን ጥያቄው ከበደኝ። ዴሞቲኩ ከእርሱ በኋላ በዚያው ደሴት እስከ 452 እ.ኤ.አ. ድረስ ተጽፏል፤ ስለዚህ ልጆች ሲያስተምር፣ ወንድሞቹም ሲጽፉ አይቶ ሊሆን ይችላል። ፊደሉን ማንም አላቃጠለውም፤ እርሱንም ማንም እጁን አልያዘውም። የሆነው ከዚያ ይልቅ ጸጥ ያለ ነገር ይመስለኛል፦ የሚያነብለት ሰው እያነሰ፣ እያነሰ ሄደ። የአገሩ ሰው ቋንቋውን አልተወም፤ በግሪክ ፊደል፣ ቅብጥ ብለን በምናውቀው ጽሕፈት፣ ያንኑ ቋንቋ መጻፍ ቀጠለ፤ ሂሮግሊፉ ግን በቤተ መቅደሱ አጥር ውስጥ፣ በጥቂት ቤተሰቦች ልጆች እጅ ብቻ ቀረ። እኔ በሠራሁበት ከተማ የወገኖቼ ልጆች አማርኛ እየተናገሩ በላቲን ፊደል መልእክት ሲጻጻፉ አይቻለሁ፤ ለእናቶቻቸው ጭምር። ያን ጊዜ የተሰማኝ ሥጋት ምን እንደሚመስል በዚያ ግድግዳ ላይ በመሮ ተጽፎ አገኘሁት።

በዚያው በ4ኛው ክፍለ ዘመን በእኛ አገር የሆነው ደግሞ ተቃራኒው ነው። ግእዝ ቀድሞ የሚጻፈው በተነባቢ ብቻ ነበር፤ ቃሉን የሚያውቅ ሰው አናባቢውን ከአፉ ይሞላዋል። በዔዛና ዘመን የድንጋይ ጽሑፎች ላይ ግን ፊደሉ እግርና እጅ ሲያበቅል፣ ግእዝ ካዕብ ሣልስ እያለ ሰባት ሆኖ ሲራባ እናየዋለን። ይህ ሥራ ከአባ ሰላማ ጋር በትውፊት ይያያዛል። በአባይ ላይኛው አገር አንድ ፊደል ድምፁን ሁሉ መያዝ በጀመረ በጥቂት ዐሥርት ዓመታት ውስጥ፣ በታችኛው አገር ሌላው ፊደል ለመጨረሻ ጊዜ ተቀረጸ።

ሂሮግሊፍ ደግሞ እስከ መጨረሻው አናባቢ አልነበረውም። የጸሐፊው ስም እንዴት ይጠራ እንደነበር በእርግጥ የማይታወቀው ለዚህ ነው፤ ተነባቢዎቹ ግድግዳው ላይ አሉ፣ በመካከላቸው ይፈስ የነበረው ድምፅ ግን እናቱ በጠራችው አፍ ውስጥ ቀርቷል። ፊደሉ ከዚያ በኋላ ከ1,400 ዓመት በላይ ዝም አለ። እንዲናገር ከረዱት ድንጋዮች አንዱም የተነሣው ከዚህችው ደሴት ነው፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አንድ እንግሊዛዊ ከኢሲስ ቤተ መቅደስ ፊት ያስወሰደው ሐውልት በላዩ የክሊዮፓትራን ስም ይዞ ነበር፤ ፈረንሳዊው ሊቅ ሻምፖልዮን እ.ኤ.አ. በ1822 የሂሮግሊፍን ምሥጢር ሲፈታ ይህ ስም ከጠቀሙት ማስረጃዎች አንዱ ሆነለት። ሐውልቱ ዛሬም የሚገኘው እንግሊዝ አገር ነው። የአክሱምን ሐውልት መመለስ በልጅነቱ የሰማ ሰው ይህን ሲያነብ ዝም ብሎ ማለፍ አይሆንለትም፤ የፊሌው ሐውልት ወደ ደጁ ቢመለስ ደስታዬ ነው።

ፀሐይዋ ከግድግዳው በላይ ወጥታ ጥላው እስኪያልቅ ድረስ እዚያው ተቀመጥኩ። ውኃዬ አልቆ ነበር። በመካከሉ ሁለት ቡድኖች ከሩቅ አልፈው ሄዱ፤ አንድም ሰው ወደ በሩ አልገባም። የያዝኩት ጥቂት ዕጣን ነበር፤ እሳት ማንደድ እንደማይፈቀድ ስለማውቅ አላጨስኩትም፤ በኪሴ እንደያዝኩት ሽታው እጄ ላይ ቀረ። ከመነሣቴ በፊት ቀኑን ድምፄን ዝቅ አድርጌ በአማርኛ አልኩት።

ሽማግሌው በቀትር በተባባልነው ቦታ ጠበቁኝ። «አገኘኸው?» አሉኝ። አዎ ብዬ ማስታወሻ ደብተሬን አወጣሁ። የጸሐፊውን ስም በፊደል ልጽፈው ፈልጌ፣ የትኛውን ንባብ እንደምመርጥ ስላላወቅሁ ብዙ አመነታሁ፤ በመጨረሻ ሁሉንም በሳድስ ጻፍኩት፤ ሳድስ ድምፅ ያለውም የሌለውም ሆኖ ይነበባልና። ንስምትርኽም። ሽማግሌው ወደ ደብተሩ አጎንብሰው ምልክቶቹን አዩ፤ ምን እንደሚል ጠየቁኝና ነገርኳቸው፤ ከዚያም ሞተሩን አጥፍተው የመንደራቸውን ስም ከሥሩ እንድጽፍላቸው ጠየቁኝ። ጀልባው በውኃው ላይ እየተንሳፈፈ ከላብሻ ብዬ ጻፍኩ፤ ገጹንም ቀድጄ ሰጠኋቸው፤ አጥፈው በጀለብያቸው የደረት ኪስ ውስጥ ከተቱት።